ሳይቆራረጥ ሲሄድ ለማየት

እኔ ቁጡ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልኩራራበት ብዬ አይደለም። በመሥሪያ ቤት አለቃዬን ፊት ለፊት የምሞግት፣ ሚዛን ያጎደለብኝን ነጋዴ ገበያተኛ ሰብስቤ የማሳፍር ሴት ነበርኩ። ያቺው ሴት አንድ ጊዜ ከሦስት ወር በላይ አፏን ዘግታ ኖረች። ለምን እንደዘጋሁት አውቃለሁ፤ እንዴት እንደቻልኩት ግን እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ተወልጄ ያደግኩት ጎጃም ነው። ኮምፒውተር በእጄ የነካሁት በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ኮሌጅ ስገባ ነው፤ ከዚያ በፊት የርእሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ በአቡጀዲ ተሸፍኖ የተቀመጠ አንድ አይቻለሁ። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ በኮምፒውተር ባለሙያነት ሰቆጣ ተመደብኩ። አባቴ ዋግ መሆኑን ሲሰማ «እዚያ ሰው የሚሄደው እርዳታ ሊያከፋፍል አይደል እንዴ?» አለኝ። ተናድጄ ሳልሰናበተው ልሄድ ነበር። ሦስት ቀን መንገድ ላይ ከረምኩ፤ ደርሼ ሳይ ግን ሰው የሚኖርበት፣ የሚስቅበት፣ ቤት ኪራይም የሚወደድበት ከተማ ነው።

ከከተማው ጠርዝ ባለ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ማር የሚነግዱ ሴት ነበሩ። ከዋግ ወረዳዎች፣ ከዝቋላና ከአበርገሌ፣ በአህያ የሚመጣውን ማር ይረከቡና ሰፈፉን አጣርተው ይሸጡታል። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ሲናደዱና ሲጸልዩ ግን ወደ ኽምጣኛ ይገባሉ። እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ስሜን እያወቁ «ጎጃሜ» ይሉኛል። ቁጣዬን ወደዱልኝ መሰለኝ፣ ማር ሊገዛ መጥቶ የሚነዛነዝ ሰው ሲገጥማቸው «ቆይ፣ ጎጃሜን ልጥራልህ» እያሉ ያስፈራሩብኝ ነበር።

ሁለት ልጆች አሏቸው። ሴቷ አበርገሌ ውስጥ፣ ኒሯቅ የምትባል ከተማ አግብታ ትኖራለች። ወንዱ፣ ታናሹ፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት በጅቡቲ በኩል ወጥቶ አረብ አገር ገብቷል። እሱን በአካል አይቼው አላውቅም፤ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ፎቶና ከስልክ ድምፁ ነው የማውቀው። ሲደውል እማማ ስልኩን ከጆሯቸው አርቀው፣ አፋቸው ፊት ይዘው ይጮኹ ስለነበር ወሬውን ግቢው በሙሉ ይሰማዋል።

ዓመታት አለፉ፤ ታች ስልክ ሰቆጣ ሲገባ እኔም ነባር ሆኜ ነበር። ያኔ ልጁ የሕንፃ ሥራ ላይ ሳለ ከመወጣጫ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። እማማ ይህን የሰሙት ከብዙ ወራት በኋላ፣ ያውም ገበያ ላይ፣ ከሰው አፍ ነው። ልጁ ሲደውል «ድኛለሁ፣ እንደ ድሮዬ ነኝ» ይላል። አላመኑትም። «በስልክ የታመመ ሰው ሰምቼ አላውቅም» ይላሉ።

ባላቸው በጦርነት እግራቸውን ተመትተው ዕድሜ ልካቸውን ሲያነክሱ ኖረው ነው የሞቱት። ማረስ ሲያቅታቸው፣ መሬታቸውን ለእኩል ሰጥተው የሰው እጅ ሲያዩ፣ እማማ አብረው አይተዋል። «ልጄ እንደ አባቱ ከሆነ እዚያ ማን ያሠራዋል?» አሉኝ አንድ ቀን። «ያነክስ እንደሆነ ልወቅ። የሚያነክስ ከሆነ ይምጣ እለዋለሁ፣ ማሩን አብረን እንሸጣለን። ካልሆነ ደግሞ ልወቅና እንቅልፍ ልተኛ። የምፈልገው ሲሄድ ማየት ብቻ ነው።»

ልጁም ጭቅጭቁ ሲሰለቸው ሲሄድ በጓደኛው ስልክ ራሱን አስቀረጸ። በባሕር ዳርቻ፣ አሸዋ ላይ፣ ከሩቅ ተነሥቶ ወደ ስልኩ ይመጣል፣ ዞሮ ይመለሳል። ያንን ኢንተርኔት ላይ ባለው ገጹ «ለእናቴ» ብሎ ለጠፈው። ደውሎም «እማ፣ ያቺ ኮምፒውተር የምታውቀዋ ተከራይሽ ትክፈትልሽ» አላቸው። ማታውኑ እማማ ክፍሌ መጡ። ሳይቀመጡ «በይ» አሉኝ።

ከፈትኩት። ልጁ አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። በስክሪኑ መሐል ያቺ የምታስጠላ ክብ ነገር መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፣ ልጁ ሁለት እርምጃ ዘሎ እንደገና ቆመ። እማማ ክቧን «ወፍጮ» አሏት። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ «ወፍጮው ዛሬም አለ?» ሆነ ሰላምታችን። እሳቸው ታዲያ ባዩዋት በእያንዳንዷ እርምጃ ፊታቸው ይጠቁራል። «አየሽ፣ አነከሰ» ይላሉ። ቪዲዮው ስለሚቆራረጥ ነው እንጂ እንዳላነከሰ ላስረዳቸው ሞከርኩ። በሚቆራረጥ ቪዲዮ ሁሉም ሰው ያነክሳል፤ ይህን ለማሳየት የሌላ ሰው፣ የአንድ ሯጭ ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። «ይሄም ምስኪን ተሰብሯል» አሉ።

ጥራቱን ዝቅ ሳደርገው ቪዲዮው ሳይቆም ይሄዳል። ግን ከሩቅ የተቀረጸ ስለሆነ ልጁ ጭጋግ ውስጥ ያለ ዱላ ይመስላል፣ እግሩም ከአሸዋው አይለይም። ጥራቱን ከፍ ሳደርገው እግሩ ይለያል፤ ወዲያው ወፍጮዋ ትመጣለች። ጥራትና ፍሰት አብረው አልመጣ አሉኝ። እልህ ያዘኝ። የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ እያልኩ ደሞዝ የምበላ ሰው የአንድ ልጅ እግር ማሳየት ያቅተኝ?

ያኔ ነው ፕሮክሲ ውስጥ የገባሁት። ፕሮክሲ ማለት መካከለኛ ሰርቨር ነው። ስልኩ ራሱ ቪዲዮው ዘንድ በመሄድ ፈንታ ለሰርቨሩ ይነግረዋል፤ ሰርቨሩ በሚያውቀው መንገድ ሄዶ ያመጣና በእጅህ ያቀብልሃል። አንዳንዴ የእኛ መንገድ የተጨናነቀ፣ የእሱ ግን ክፍት ይሆናል፤ አንዳንዴም የቪዲዮውን ቅጂ እሱ ራሱ ጋር አስቀምጦት ይገኛል። ያኔ ቪዲዮው በከፍተኛ ጥራትም ቢሆን ሳይቆም ይፈሳል። የሚያስፈልገው አድራሻውንና የመግቢያ በሩን ቁጥር፣ ፖርት የሚባለውን፣ ስልኩ ውስጥ ማስገባት ነው። ነፃ አድራሻ ተብለው በየገጹ የሚዘረዘሩት ግን አብዛኞቹ የሞቱ ናቸው፤ የሚሠሩትም ዘገምተኞች ናቸው፣ ከቀድሞው የባሰ ያዘገዩሃል። አንድ ደብተር ገዝቼ አድራሻዎቹን እየገለበጥኩ፣ ምሳ ሰዓት ላይ መሥሪያ ቤቴ ግቢ ውስጥ፣ ኔትወርኩ ደህና የሚሆንበት ጥግ ቆሜ አንድ በአንድ እሞክር ጀመር። የማይሠራውን እሰርዛለሁ። ደብተሩ ስርዝ በስርዝ ሆነ።

ለእማማ ነገሩን ሳስረዳቸው ማር የያዘ እጃቸውን ጠርገው በጥሞና ሰሙኝ።

«ታዲያ ሰውዬውን ታውቂዋለሽ?» አሉ።

«ማንን?»

«ሄዶ የሚያመጣልሽን።»

«ሰው አይደለም እማማ፣ ማሽን ነው። ባለቤቱን ግን አላውቀውም።»

«ጎጃሜ፣ የማታውቂውን ትልኪና ያመጣልሽን ታምኛለሽ። ጥሩ ነው።» ሳቁብኝና ወደ ማራቸው ተመለሱ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አንዱ ሠራ። ጥራቱን አንድ ደረጃ ከፍ አደረግሁ፤ ሄደ። ደግሜ ከፍ አደረግሁ፤ ሄደ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ አድርሼው ወፍጮዋን ስጠብቅ አልመጣችም። ልጁ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ በባዶ እግሩ፣ አሸዋው ላይ እየሄደ ነው። ቀጥ ብሎ። ትከሻው አይዘነብልም፣ እግሩ አይጎተትም። ተመልሶ ሲሄድ አሸዋው ላይ የተወው ዱካ ሳይቀር ይታያል፣ ግራውም ቀኙም እኩል ሰምጧል። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አየሁት። ብቻዬን ቆሜ ስስቅ የግቢው ዘበኛ «ምን ተገኘ?» አለኝ። «አያነክስም» አልኩት። ምን እንደማወራ እንኳ አልገባውም።

ያን ሰዓት ወደ ቤት ብሮጥ ኖሮ! እኔ ግን ፕሮክሲው መጽናቱን ላረጋግጥ ብዬ ገጹ ላይ ያለ ሌላ ቪዲዮ ልከፍት ወደ ላይ መለስኩት። ከላይ፣ ከባሕሩ ቪዲዮ በላይ፣ በዚያው ሳምንት የተለጠፈ አዲስ ቪዲዮ አለ። ነካሁት። አንድ ክፍል ውስጥ ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ የልጁ ፎቶ ተሰቅሏል፣ በዙሪያው ጥቁር ጨርቅ። አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በትግርኛ ያለቅሳሉ። ሠራተኛ የጫነ መኪና ተገልብጦ ነው። ስልኩን ላጠፋው ፈለግሁ፤ አላጠፋሁትም። ቪዲዮው አንዴም ሳይቆም፣ የሰዎቹ እንባ ሲወርድ እስኪታይ ድረስ ጥርት ብሎ፣ እስከ መጨረሻው ሄደ።

ቤት ስደርስ እማማ በር ላይ ነበሩ። ልጃቸው በዚያ ሳምንት አልደወለላቸውም። «ዛሬስ?» አሉኝ።

«ወፍጮው ነው እማማ» አልኩ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ጎጃምም ዋግም አንድ ነው። የሰማ ሰው ሮጦ አይናገርም። ለቅርብ ዘመድ ይነገራል፣ ዘመድ ሽማግሌ ይይዛል፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ተሰብስቦ ተሄዶ ይነገራል። የእማማ ታላቅ ወንድም ሰቆጣ ዙሪያ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የገበያ ቀን ጠብቄ ከሰው ለይቼ ነገርኳቸው። ጋቢያቸውን ነከሱ። ከዚያ ሁለት ሽማግሌ ጠርተው ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጥን።

ችግሩ ሴቷ ልጅ ነበረች። ያቺ ኒሯቅ ያለችው የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ ቀኗ ገፍቶ፣ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ በዚያው ሳምንት መጥታለች። «ለእናቷ ብንነግር እሷም ትሰማለች» አሉ ወንድምየው። «ደንግጣ ሁለት ነፍስ ብትጠፋ ማን ይጠየቃል? ትውለድና ይነገራል።» እኔም ትክክል ነው አልኩ። ዛሬም በዚያ ቀን የተባለው ስህተት ነበር ማለት ይከብደኛል።

ግን አንድ ነገር ለመንኳቸው። «አባባ፣ የሚሄድበትን ቪዲዮ ብቻ ላሳያቸው። እግሩን ይዩት፣ ሌላውን በጊዜው ይሰማሉ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «የሞተ ልጇን እያሳየሽ እልል ልታስብያት ነው? ኋላ ስትሰማ ያን ቀን የሳቀችውን ሳቅ ምን ታደርገዋለች?»

ያወጣሁትን ስልክ መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቀጥለውም የሐዘኑን ቪዲዮ ሌላ ሰው ከፍቶ እንዳያሳያቸው እንዳስነሣው አዘዙኝ። ቪዲዮውን በገጹ ለለጠፉት ለልጁ ጓደኞች ጻፍኩ፤ «እናቱ ገና አልሰሙም፣ እባካችሁ አንሡት» አልኳቸው። «ገብቶናል እህታችን» ብለው መለሱ።

እማማ ማታ ማታ መምጣታቸውን አላቆሙም። እኔም እያዩኝ ፕሮክሲውን አስገባለሁ፤ ሆን ብዬ አንድ ቁጥር አሳስታለሁ። ወፍጮዋ ትዞራለች። በገዛ እጄ። አጠገቤ ተቀምጠው ማርና ጭስ እየሸተቱ፣ አንገታቸውን አስግገው ያን ክብ ያያሉ። «አይዞሽ፣ ትችይዋለሽ» ይሉኛል። እኔን ያጽናኑኛል! አንድ ማታ ቢጨንቀኝ «ስልኬ አሮጌ ሆኖ ነው እማማ» አልኩ። በሳምንቱ የነበረቻቸውን አንዲት ጥጃ ሸጠው አዲስ ታች ስልክ ገዝተው መጡ። ካርቶኑን ሳይከፍቱ ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። ያን ቀን አመመኝ ብዬ ቶሎ ተኛሁ።

ለምን እንደማይደውል ሲጠይቁ ወንድማቸው «በረሃ ሥራ ገብቷል፣ ስልክ የለበትም» አሏቸው። አመኑ። ወይም ያመኑ መስለው ኖሩ፤ ያንን ለይቼ አላውቅም።

ልጅቷ በሰላም ተገላገለች። ሴት ወለደች። በማግሥቱ ወንድምየው ጋ ሄድኩ። «እንግዲህ ይነገር» አልኩ።

«አራስ ቤት መርዶ አይገባም» አሉ። «ክርስትና ትነሣና።»

የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው። ወንድ ቢሆን አርባ ቀን ነበር። ያቺን ሚጢጢ ሕፃን አቅፌ፣ ምነው ወንድ በሆንሽ ብዬ ተመኘሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር ያሰብኩት በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በእነዚያ ሰማንያ ቀናት ወሬው ቀስ እያለ ሰፈሩን ዞረ። ማኅበርተኞቻቸው ሰሙ፣ ጎረቤት ሰማ፣ ማር የሚያመጡት የዝቋላ ሰዎች ሳይቀሩ ሰሙ። ሁሉም ሰው ልማዱን ያውቃል፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ሴቶቹ ለአራስ ጥየቃ ገንፎ ይዘው እየመጡ ይስቃሉ፣ ይጫወታሉ፤ ሲወጡ እኔ ክፍል ጎራ ብለው አፋቸውን በነጠላቸው አፍነው ያለቅሳሉ። ክፍሌ የልቅሶ ቤት ሆነ። በመሐከላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን እማማ ሕፃኗን አቅፈው መጡ። «ቅረጫትና ላኪለት። አጎቷ ነው፣ ይያት» አሉ። ቀረጽኳት። እያዛጋች ነበር። «ላክሽለት?» «ልኬያለሁ።» በማግሥቱ «ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። በረሃ ስልክ የለም የተባለውን ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ፊታቸው ላይ ያለው ጉጉት አንጀቴን በላው። «አንዴ ከተማ ወጥቶ አየሁት ብሎ ጽፏል። እኔን ትመስላለች ብሏል» አልኩ። እማማ ሕፃኗን ወደ ብርሃን ይዘው አገላብጠው አዩዋት። «እውነቱን ነው፣ ግንባሯ የሱ ነው» አሉ። ያን ያዘዘኝ ሽማግሌ የለም። የራሴ ነው።

ክርስትናው ደረሰ። ድግሱ ትልቅ ነበር። በግ ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ ቄሶቹ መጡ፣ ሰፈርተኛው ሞላ። ከእማማና ከልጃቸው በስተቀር እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቃል። በላን፣ ጠጣን፣ አጨበጨብን። እማማ ወገባቸውን ይዘው እስክስታ ሲወርዱ ወንድማቸው አብረዋቸው ተነሡ፤ እንባቸውን ላብ አስመስለው በጋቢያቸው ይጠርጉ ነበር። «ልጄ ይህን ባየ» አሉ እማማ፣ «ቅረጪ ጎጃሜ፣ ቅረጪለት።» ቀረጽኩ።

በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ በሩ ተንኳኳ። ከግቢው ውጭ የተጠራቀመው ሰው እግር ሲንቀሳቀስ ከአልጋዬ ሆኜ ሰማሁ። ከዚያ የወንድምየው ድምፅ መጣ። መጀመሪያ የጮኸችው ልጅቷ ናት። እማማ ወዲያው አልጮኹም። በኽምጣኛ አንድ ነገር ጠየቁ፤ ወንድማቸው መለሱላቸው፤ ደግመው ጠየቁ። ኋላ እንደተረዳሁት የጠየቁት «መቼ?» ብለው ነበር።

ድንኳን ተጣለ። በሦስተኛው ቀን፣ ሴቶቹ ተቀምጠው ሳለ፣ እማማ ወደኔ ዞሩ። ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ሰልሏል። «እንግዲህ ክፈችልኝ» አሉ። «ሲሄድ ያለውን። አሁን የምትደብቁኝ ነገር የለም።»

አዲሱን ስልክ አምጥቼ የፕሮክሲውን ቁጥር ሳላሳስት አስገባሁ። አልሠራም። ነፃ ነገር ነውና በሦስት ወር ውስጥ ሞቷል። ያለሱም ቢሆን፣ እየተቆራረጠም ቢሆን፣ ይታይ ብዬ በቀጥታ ገጹን ከፈትኩ። ገጹ የለም። የፈለጉት ገጽ ተነሥቷል የሚል ጽሑፍ ብቻ አለ። ጓደኞቹ አንሡት ስላልኳቸው ጥንቃቄ በዝቶባቸው የሐዘኑን ብቻ ሳይሆን ሙሉውን ገጽ ዘግተውታል። ለቀረጸው ጓደኛው ደወልኩ፤ ያ ስልክ ድሮ ተሽጧል አለኝ። ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ እንዳየሁት አንዴ ወደ ስልኬ አውርጄው ቢሆን ኖሮ! አላወረድኩትም። ቤት ሄጄ በቀጥታ ላሳያቸው ነበር የቸኮልኩት፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ገጹን መክፈት ራሱ ያስፈራኝ ነበር። የኮምፒውተር ባለሙያ።

«የለም እማማ» አልኩ። «ጠፍቷል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ፣ ስልኩን ፊቴ ላይ ቢወረውሩት፣ ውለታ በዋሉልኝ።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ልጅቷ ሕፃኗን ይዛ ኒሯቅ ተመለሰች። እማማ ማታ ማታ ክፍሌ መምጣታቸውን ተዉት። አንድ ከሰዓት በኋላ ማር ሲያጣሩ አገኘኋቸውና አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ሰፈፉን እለቅምላቸው ጀመር። በመጨረሻ እጃቸውን ከማሩ ሳያወጡ «አንቺ ሲሄድ አይተሽዋል አሉ» አሉኝ።

«አይቼዋለሁ።»

«ሳይቆራረጥ?»

«ሳይቆራረጥ። አሁን እርስዎን እንደማይዎት።»

«ያነክሳል?»

«አያነክስም እማማ። ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ዱካው ሳይቀር ይታየኝ ነበር፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው። እንደ አባቱ አይደለም። ደህና ነበር፣ እግሩ ድኖ ነበር።» በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው እንዲያምነኝ ፈልጌ አላውቅም።

እማማ እጃቸውን ከማሩ አወጡና የእንስራው አፍ ላይ አንጠፈጠፉት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊታቸው ላይ ቂም የሚባል አልነበረም፣ እንዲያውም ያዘኑልኝ ይመስላሉ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አልቀየምሽም» አሉኝ። «እንዲህ በያት ብለውሽ ነው።»